በየሳምንቱ እሳት የሚነድበትን ቤት ስጠብቅ የተማርኩት

ሥራዬ ሕንፃ መጠገን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማሰልጠኛ ግቢ ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። ከምጠግናቸው ሕንፃዎች አንዱ ባለ ሦስት ፎቅ የኮንክሪት ቤት ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ሆን ተብሎ ውስጡ እሳት ይነድበታል። ሰልጣኞቹ የውሃ ጎማቸውን እየጎተቱ ይገባሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይወጣሉ። ቤቱ ሲበርድ እኔ መዶሻና ባትሪ ይዤ እገባለሁ። አዲስ አበባ በግንበኝነት ጀምሬ እስከ ፎርማንነት ስለደረስኩ ሲሚንቶና ፌሮ አውቃለሁ ብዬ ነበር ሥራውን የያዝኩት። እሳት ያየ ኮንክሪት ግን እንደገና ከሀ ሁ አስጀመረኝ።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት በአንድ ከተማ እሳት አደጋ የሚሠራ ወጣት ስለጠየቀኝ ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ኮንቴይነር ተሰጥቶናል፤ መለማመጃ ልናደርጋቸው ነው። ቀጥሎ ደግሞ የብሎኬት ቤት ለመሥራት አስበናል። ምን እንጠንቀቅ?» አለኝ። መልሱን ስጽፍለት በጣም ረዘመ። እንደሱ ያለ ሌላም ሰው ይኖራል ብዬ አሰብኩና እዚህ አሰፋሁት።

መጀመሪያ የነገርኩት ይህን ነው። የሰው ቤት ቢቃጠል አንዴ ነው የሚቃጠለው። መለማመጃ ቤት ግን መቶ ጊዜ ተቃጥሎ፣ መቶ ጊዜ ውሃ ተረጭቶበት፣ በመቶ አንደኛው ቀን ሰልጣኝ ልጆች ይገቡበታል። ስለዚህ «ኮንክሪት ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚለውን ቃል ስሰማ እደነግጣለሁ። ኮንክሪትም ይጎዳል። ሲጎዳ ደግሞ ቀድሞ አይናገርም፤ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እናቴ ምጣድ ስትገዛ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። ድምፁ ጥርት ካለ ትገዛለች፤ ታፈን ካለባት ትመልሰዋለች፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። ከገዛችው በኋላም በአንዴ አትጋግርበትም፤ በጎመን ዘር እያሸች በትንሽ እሳት ታሟሸዋለች። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እንዲል አትፈቅድም ነበር። እዚህ አገር መሐንዲሱ በወፍራም ሰነድ የሰጠኝን መመሪያ ሳነበው ሦስቱንም ነገር አገኘሁት፦ መታ አድርገህ አዳምጥ፣ ቀስ ብለህ አሙቅ፣ በድንገት አታቀዝቅዝ። ሦስተኛው እኛ ዘንድ አይቻልም። የቤቱ ሥራ መጋልና ውሃ መረጨት ነው። ስለዚህ በሁለቱ እጥፍ መጠንቀቅ ግድ ይላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮንክሪት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ውሃ አለው። ሲግል ውሃው እንፋሎት ይሆናል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ከመጣ እንፋሎቱ በቀዳዳው ይወጣል፤ በድንገት ከመጣ ግን መውጫ ያጣና ፊቱን አፈንድቶ ይጥለዋል። ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ደግሞ ኮንክሪቱ ራሱ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ውስጡ ያለው ፌሮ 550 እና 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። ድንጋዩ፣ ሲሚንቶውና ብረቱ ሲግሉ እኩል አይለጠጡም፤ በመሃላቸው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይፈጠራል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ ዝገት ከብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከጥላሸቱ ስር፣ ሰው በማያይበት ነው።

እኔም ሳላየው የቀረሁበት ቀን አለ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ በረዶና ዝናብ ያበዛበት ጊዜ ነበር፤ ቤቱ ለሁለት ወር ገደማ እሳት አላየም። መጋቢት ላይ ሥልጠና ሊጀመር ሲል የፕሮግራሙ ቀን ቀደም ብሎ መጣ። ጠዋት ገብቼ ግድግዳውን እጄ እስከደረሰበት ድረስ መታ መታ አደረግኩ። መሰላሉ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሄጄ አላመጣሁትም። የሁለተኛ ፎቅ መንደጃ ክፍል ሶሌታን፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያውን፣ ከታች በባትሪ አየሁትና ፈረምኩ። ክፍሉ እርጥበት እንደጠጣ ነው፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያው እሳት ትንሽ መሆን ሲገባው ሙሉ ጭነት ተጫነ። ሦስተኛው ቡድን ወጥቶ አንድ አሰልጣኝ ፍም ሲያስተካክል ከጣሪያው ጥግ የትሪ ስፋት ያለው ኮንክሪት ተገምሶ ወደቀ። ትከሻውን መታው። ራሱ ላይ ቢሆን ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ። የትከሻው አጥንት ተሰንጥቆ አራት ወር ከሥራ ቀረ። በቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ መሰላሉ ከቤቱ አይወጣም፤ በሰንሰለት ታስሮ እዚያው ይኖራል። የመጀመሪያ እሳት የሚባል ደንብም አወጣን። ቤቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆመ፣ ወይም ዝናብ ከጠጣ፣ ወይም አዲስ ልስን ከተደረገ፣ ሰልጣኝ ሳይገባ ቀኑን ሙሉ በትንሽ እሳት ይሟሻል። አገር ቤት ላላችሁት ይህ ከሁሉ በላይ ያስፈልጋችኋል ብዬ አምናለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም የዘነበበትን ቤት ጥቅምት ላይ በአንዴ አታንድዱት።

አሁን ፍተሻውን እንዴት እንደምሠራ ልናገር። ጥላሸቱን በውሃ አጥቤ አንድ ሌሊት አሳድራለሁ፤ ስንጥቅ እርጥበት ይዞ ስለሚያድር ጠዋት ላይ እንደ ጥቁር ክር ሆኖ ይታያል። ከዚያ በመሰላል ወጥቼ ከጥግ እጀምራለሁ። ግማሽ ኪሎ የሚሆን መዶሻ ይበቃል፤ መምታት ሳይሆን ማንኳኳት ነው። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ መታ፣ ዝም፣ መታ። ጤነኛው ኮንክሪት «ቃ» ብሎ እጅን ይመልሳል። የለቀቀው «ዱብ» ይላል፤ መዶሻውም እንደመጀመሪያው አይነጥርም፣ ይሰምጥ ይመስላል። ሁለቱን ድምፅ አንዴ ለይቶ የሰማ ሰው አይረሳውም። የታፈነውን ቦታ በጠመኔ ዙሪያውን አከብበዋለሁ፣ ቀኑን እጽፍበታለሁ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆሜ ፎቶ አነሳዋለሁ። በሚቀጥለው ወር ክቡ ከሰፋ ክፍሉ ይዘጋል። ካፒቴኑ ቢቆጣም ይዘጋል።

ቀለሙንም አያለሁ። ብዙ ድንጋይ ብረትነት ስላለው ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ ወደ ሮዝ ይሄዳል። የተሸረፈ ቦታ ላይ ሮዝ ካየሁ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል ማለት ነው፤ ለመሐንዲሱ እደውላለሁ። ቀጥ ያለ መስመር ይዞ የሚሄድ ስንጥቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሩ የሚዝግ ፌሮ አለ። እንደዚህ ያለውን በልስን መሸፈን ትልቅ ጥፋት ነው። ልስኑ ቁስሉን ይደብቃል፤ ሁለት ሦስት እሳት ካየ በኋላም ራሱ ሰው ላይ ይወድቃል። ግንበኛ የሆናችሁ ወንድሞቼ፣ እጃችን ለልስን ይቸኩላል፤ እዚህ ቤት ውስጥ ግን ታገሡ።

በሮችና መስኮቶች የተለየ ትኩረት ይሻሉ። የብረት በር በሙቀት ይጣመማል፣ ማጠፊያው ይነክሳል። እኔ በእያንዳንዱ ሥልጠና ጠዋት የእሳት ሠራተኛ የሚለብሰውን ወፍራም ጓንት አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ እያንዳንዱን በር ከውስጥ እከፍታለሁ። በዚያ ጓንትና በዚያ ጨለማ በአንድ እጅ ካልተከፈተልኝ ለሰልጣኙም አይከፈትለትም። አንድ ጊዜ የመስኮት መዝጊያ ብሎን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ ሙሉ መዝጊያውን ይዞት አገኘሁ። ከሩቅ ቢያዩት ምንም የሌለበት ይመስላል።

ደብተሩን አትናቁት። የቤቱ የሕክምና ካርድ ነው። ቀን፣ የትኛው ክፍል፣ ስንት ፓሌት (የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ) እና ስንት እስር ጭድ፣ ስንት ጊዜ ነደደ፣ የጣሪያው ሙቀት ስንት ደረሰ፣ ማን ፈተሸ፤ ይኸው ነው። እኛ ግቢ ይህን እኔ በየቀኑ እሞላለሁ፤ በዓመት አንዴ ቤቱ በሙሉ ይፈተሻል፤ በየ5 ዓመቱ መለማመጃ ቤት የሚያውቅ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ይመጣል። የሙቀት መከላከያ ሽፋን ባለበት ክፍል የተወሰነውን አስነቅሎ ከኋላው ያያል። በአንዱ ምርመራ ደብተሩን ገልጦ ሲያነብ አንዱ ክፍል ከሌላው በሦስት እጥፍ እንደነደደ አሳየን። አሰልጣኞቹ ያንን ክፍል የሚወዱት ለደረጃው ቅርብ ስለሆነ ነበር። ቤቱ በአንድ ጎኑ እያረጀ ሁላችንም አላስተዋልንም።

አዲስ ለምትሠሩ ደግሞ፣ የቤቱን ሥዕል (ፕላን) ከማሠራታችሁ በፊት ከተማችሁ ምን ዓይነት እሳት እንደሚያይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እዚህ አገር ቤቱ የተሠራው የእንጨት መኖሪያ ቤቶችን አስመስሎ ነው፤ ከመሬት በታች የሆነ ምድር ቤት አለው፣ ጠባብ ደረጃ አለው። መርካቶ ሸማ ተራ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲቃጠል ለከተማው እሳት አደጋ ተሽከርካሪ መግቢያ ማጣት ትልቅ ፈተና ነበር። የተደራረበ ሱቅ፣ ቆርቆሮ፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ መኪናውን ከሩቅ አቁሞ የውሃ ጎማ መዘርጋት፣ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ውሃ ይዞ መውጣት፤ የኛ ሰው የሚገጥመው ይህ ነው። ለዚህ የሚሆን መተላለፊያና ደረጃ ያለ እሳትም ሊሠራና ብዙ ሊያስተምር ይችላል። እሳት የሚነድባቸው ክፍሎች ጥቂት ይሁኑ። ሁሉም ክፍል ይንደድ ያለ ሰው በጥቂት ዓመት ቤት አልባ ይሆናል።

የሚነዱትን ክፍሎች አንዱን ከሌላው በላይ አታድርጉ፤ መሃል ያለው ሶሌታ ከታችም ከላይም ይጋገራል። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት መውጫ ይኑረው። ወለሉ ወደ መውረጃ ያዘንብል፤ የተኛ ውሃ ቤቱን ከእሳቱ ባልተናነሰ ይጎዳዋል። ግድግዳና ጣሪያውን የሚከላከል ሽፋን ካስገባችሁ ሲግል የሚለጠጥበት ክፍተት ተዉለት፤ ተጠብቆ የታሰረ ሽፋን ብሎኑን በጥሶ ይወጣል። ሙቀት መለኪያ ሽቦ ከሽፋኑ ፊትም ከኋላም ይቀበር። ከፊት ያለው የእሳቱን ሁኔታ ይነግራል፣ ከኋላ ያለው የቤቱን። ብዙ ቦታ ከፊት ያለውን ብቻ ነው የሚያስገቡት። ነፋሱን ደግሞ ቦታው ላይ ቆማችሁ በተለያየ ሰዓት እዩት። የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ ጥላሸት የሚጥል ቤት፣ ምን ቢጠቅም፣ ሰዎች ያዘጉታል፤ እውነትም አላቸው።

ወደ ልጁ ኮንቴይነሮች ልመለስ። ኮንቴይነርን ለዚህ ሥልጠና ማዋል የጀመሩት ስዊድናውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በአንዴ ከመቀጣጠሉ በፊት ጭሱ የሚያሳየውን ምልክት ሠራተኞች ዝቅ ብለው እንዲያዩ አስበው ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሠራል። ግን አራት ነገር አለበት። ወለሉ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ሲሆን ብዙ ጊዜ በፀረ ተባይ መርዝ የተነከረ ነው። እሱ ሳይነቀል አንድ ክብሪት አይጫርበት። ቀለሙ ለባሕር ጉዞ የተሠራ ነው፤ በአሮጌዎቹ ላይ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ሰው ሳይገባ ተጠርጎ መውጣት አለበት። በሩ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። የውጭ መቀርቀሪያዎቹ ተቆርጠው ይውጡ፤ በሌላው ጫፍ ወደ ውጭ የሚከፈት ሁለተኛ በር ይቆረጥ። አራተኛው መለጠጥ ነው። ብረት በየ100 ዲግሪው በሜትር 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። 12 ሜትር ኮንቴይነር በ400 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ አንዱን ጫፍ ብቻ እሰሩ፣ ሌላው ይንሸራተት። ሁለቱን ኮንቴይነር ዳር ዳሩን በይዳችሁ አንድ ካደረጋችሁ ብየዳው ሲቀደድ ታያላችሁ። ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ላሜራ ነው፤ ይሳሳል፣ ይበሳል፤ እሳቱ የሚነድበትን ጫፍ ከውስጥ በሁለተኛ ላሜራ ደርቡት፤ እሱ ሲያልቅ ይቀየራል።

የሚነደው ነገርም የቤት ጥበቃ አካል ነው። ንጹሕ ደረቅ እንጨትና ጭድ፤ ሌላ የለም። ፓሌት ላይ የተተኮሰውን ምልክት አንብቡ፤ «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ «ኤም ቢ» የሚለው በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነው፤ እሱን መልሱት። ጎማ፣ ስፖንጅ፣ ፍራሽ፣ ፕላስቲክ፣ ቀለም የነካው እንጨት አይገባም። ናፍጣና ቤንዚን ማርከፍከፍ እሳቱን «እውነተኛ» ያደርገዋል የሚሉ አሰልጣኞች አጋጥመውኛል። ያ እሳት መለኪያ የለውም። እዚህ አገር ይህ ደንብ በሰው ሕይወት ነው የተጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሎራዶ ግዛት ቡልደር ውስጥ በሥልጠና እሳት ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር «ኤን ኤፍ ፒ ኤ 1403» የሚባለው፣ በእውነተኛ እሳት ስለሚሰጥ ሥልጠና የሚደነግገው ደንብ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1986 ነው። ለአምስት ሰልጣኝ አንድ አሰልጣኝ፣ ከሁለት የተለያየ ምንጭ የሚመጣ ውሃ፣ ተዘጋጅቶ ቆሞ የሚጠብቅ አዳኝ ቡድን፣ አስቀድሞ ሰልጣኙ ቤቱን በብርሃን ዞሮ ማየቱ፣ ሕያው ሰው ተጎጂ ሆኖ አለመተኛቱ፤ ሁሉም እዚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የካቲት እዚሁ አጠገባችን ባልቲሞር አንዲት ሰልጣኝ በተለቀቀ አሮጌ ቤት ውስጥ ሕይወቷ አለፈ፤ በተለያየ ፎቅ ብዙ ቦታ እሳት ተለኩሶ ነበር። አሮጌ ቤት ተገኘ ብሎ ማቃጠል ርካሽ ይመስላል። እኔ አልመክርም።

አንድ ነገር ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ የራሴ ሳንባ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አመዱን በደረቁ እጠርግ ነበር፣ በአፌ ላይ ጨርቅ ብቻ አስሬ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። አሰልጣኞች በዓመት እጅግ ብዙ ጭስ ያያሉ፤ እኛ ጠራጊዎቹ ደግሞ የቀረውን እናነሳለን። አሁን አመዱን አርሼ ነው የማነሳው፣ ማጣሪያ ያለው ጭምብል አደርጋለሁ፣ የሥራ ልብሴ ቤቴ አይገባም። መለማመጃ ስትሠሩ መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ከመጀመሪያው በሥዕሉ ላይ ይግባ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ፣ ቤቱን ለመሥራት ፈቃደኛ የሚሆን ለጋሽ ይገኛል፤ ለጥገና የሚሰጥ ግን አይገኝም። ስለዚህ ግንባታው ሳይጀመር የመዶሻውን፣ የላሜራውን፣ የሽፋኑንና የመሐንዲሱን ወጪ በየዓመቱ በጀት ውስጥ አስጽፉ። ካልተጻፈ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቤቱ ዕቃ ማከማቻ ይሆናል፤ ወይም ከዚያ የከፋው፣ መዘጋት ያለበት ሆኖ ሳለ ይሠራበታል።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። የሁለቱም ኮንቴይነር ወለል ተነቅሏል፤ የብረት አግዳሚዎቹ ይታያሉ፤ በነሱ መሃል ጠጠር እየሞሉ ነው። ሁለተኛውን በር በጠመኔ አስምረውታል፣ ገና አልቆረጡትም። ምልክቱን ሳየው ማጠፊያው በነፋሱ በኩል ሆኗል፤ ነፋስ ሲመጣ በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ወደ ማዶ አዙረው ብዬ ጻፍኩለት። «እሺ ጋሼ፣ ነገ ሳይቆረጥ አዞረዋለሁ» አለኝ።